የሬዲት ቁልፍ በማን እጅ ነበር?

እ.ኤ.አ. በጁን 2023 አጋማሽ፣ ሬዲት በተባለው የአሜሪካ የውይይት ድረ ገጽ ላይ ፎቶ ብቻ የሚለጠፍበት አንድ ግዙፍ መድረክ አባላቱን ድምፅ አሰጠ። ጥያቄው አጭር ነበር። እንደ ወትሮው እንቀጥል ወይስ ከእንግዲህ የኮሜዲያኑ የጆን ኦሊቨር ፎቶ ብቻ ይለጠፍ? ጆን ኦሊቨር ከ37 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። በሬዲት ሕግ ሰው ያልወደደውን ሐሳብ በተቃውሞ ድምፅ ወደ ታች መጎተት ስለሚችል፣ «እንደ ወትሮው» የሚለው አማራጭ ከዜሮ በታች ወርዶ አረፈው። ወዲያው መድረኩ በአንድ መነጽራም እንግሊዛዊ ምስል ተጥለቀለቀ። ሌሎች መድረኮችም ተከተሉ። ኦሊቨር ራሱ ነገሩ ጥሞት የገዛ ራሱን አስቂኝ ፎቶዎች በትዊተር ለቀቀላቸው።

ሰዎቹ ወደ ቀልድ የገቡት ግን ቁም ነገሩ አልሆን ሲላቸው ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ከስምንት ሺህ በላይ የሬዲት መድረኮች በራቸውን ዘግተው ነበር። በድረ ገጽ ተጠቃሚዎች ታሪክ ይህን ያህል የተደራጀ አድማ ብዙ ጊዜ አልታየም። ዛሬ ስለዚያ አድማ ሲወራ ታሪኩ በሦስት ቃል ያልቃል፤ ጮኹ፣ አልተሰሙም፣ ተመለሱ። ውሸት አይደለም። ነገር ግን ለምን እንዳልተሰሙ አይናገርም፤ ትምህርቱ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። አድመኞቹ የያዙት የመሰላቸው ቁልፍ ሁሉ የኩባንያው ነበር። ይህን የተረዱት በሩን ከዘጉ በኋላ ነው።

ሬዲት በ2005 በስቲቭ ሃፍማንና በአሌክሲስ ኦሃኒያን ተመሠረተ። ከአትክልት እንክብካቤ እስከ ኮምፒውተር ጥገና፣ ከሕግ ምክር እስከ ድመት ፎቶ ድረስ በሁሉም ነገር ላይ የሚያወራ ከመቶ ሺህ በላይ ንቁ መድረክ አለው። እያንዳንዱን መድረክ የሚጠብቁት አወያዮች የኩባንያው ተቀጣሪዎች አይደሉም፤ በነጻ የሚሠሩ ተራ ተጠቃሚዎች ናቸው። አጭበርባሪውን የሚያባርሩ፣ ተሳዳቢውን የሚያስታግሱ፣ የውሸት ማስታወቂያውን የሚጠርጉ፣ የመድረኩን ደንብ የሚጽፉት እነሱ ናቸው። የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን የሆነ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። ሌሊት ስልክ ይጮኻል፣ ጠዋት ቅሬታ ይጠብቃል፣ ምስጋና የለም።

ሬዲት ለብዙ ዓመታት የራሱ የስልክ መተግበሪያ እንኳን አልነበረውም፤ በራሱ ስም የወጣው በ2016 ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው በስልኩ ሬዲት የሚገባው በአብዛኛው ሌሎች በሠሩት አፕ ነበር። ይህ የተቻለው ኩባንያው ኤፒአይ የሚባለውን፣ ማለትም የውጭ ፕሮግራም ከሬዲት መረጃ የሚቀዳበትን በር፣ በነጻ ክፍት አድርጎ ስለቆየ ነው። ብዙ አወያዮች ለሥራቸው የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎችም የተገጠሙት በዚሁ በር ላይ ነበር።

በኤፕሪል 2023 ኩባንያው በሩ ክፍያ ሊጠየቅበት መሆኑን አስታወቀ። ዋጋው የታወቀው በሜይ መጨረሻ ነው፤ ለ50 ሚሊዮን ጥያቄ 12 ሺህ ዶላር። አፖሎ የተባለውን ተወዳጅ አፕ የሠራው ካናዳዊው ክርስቲያን ሴሊግ ሒሳቡን በአደባባይ አሰላው። አፑ በወር ሰባት ቢሊዮን ጥያቄ ይልካል፤ በአዲሱ ዋጋ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይመጣበታል። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ለፎቶ ማስቀመጫው ድርጅት ለኢምገር ለተመሳሳይ 50 ሚሊዮን ጥያቄ የሚከፍለውን ነገረ። 166 ዶላር ነው። ሒሳቡ መቁጠር የሚጀምረው በጁላይ 1 ስለነበር ለመዘጋጀት የተሰጠው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነበር።

ለኩባንያው ፍትሕ መስጠትም ያስፈልጋል። የውጭ አፖቹ የሬዲትን ሰርቨር እየተጠቀሙ የሬዲትን ማስታወቂያ አያሳዩም፤ አንዳንዶቹ ግን ከደንበኞቻቸው ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። የኩባንያው መሪ ሃፍማን ዋናው ዒላማ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች መሆናቸውንም ሲናገር ነበር፤ የሬዲትን ውይይት በነጻ ቀድተው ማሽኖቻቸውን እያስተማሩ ቢሊዮኖች ያተርፋሉ፣ ለምን በነጻ እንሰጣቸዋለን ነው ነገሩ። አግባብ ያለው ጥያቄ ነው። ግን በነጻ ለተሰጠ ነገር ዋጋ መጠየቅ ከተጀመረ፣ ያንን ውይይት በነጻ የጻፉትና በነጻ የጠበቁት ሰዎች ሒሳብስ የት ይገባል? ይህ ጥያቄ ከኩባንያው አንደበት አልተሰማም።

ቁጣውን ያባባሰው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ሴሊግ ከኩባንያው ሰዎች ጋር በስልክ ሲነጋገር፣ አፖሎ ይህን ያህል ወጪ ካስወጣችሁ በአሥር ሚሊዮን ዶላር ግዙኝና ዝም ልበል የሚል ግማሽ ቀልድ ወርውሮ ነበር። በሌላው ጫፍ የነበረው ሰው ነገሩን ማስፈራሪያ አድርጎ ሰማው፤ ሲብራራለት ግን እዚያው በስልኩ ይቅርታ ጠየቀ። ቀናት ቆይቶ ሃፍማን ለአወያዮች ሴሊግ አስፈራራን ብሎ እንደነገራቸው ተሰማ። ሴሊግ ግን ንግግሩን ቀድቶት ነበር። ድምፁን ለሕዝብ ለቀቀው፤ ይቅርታው ጭምር ቁልጭ ብሎ ይሰማል። በማግስቱ ሃፍማን ጥያቄ ልመልስ ብሎ ተጠቃሚዎች ፊት ሲቀርብ አልተጸጸተም፤ ሴሊግን መልሶ ወቀሰው። አመኔታ የጠፋው ያን ዕለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጁን 12 በሮቹ ተዘጉ። ሚሊዮን አባላት ያሏቸው መድረኮች «የግል» የሚል ምልክት ለጥፈው ለውጭ ሰው ጠፉ። የብዙ ሺህ መድረክ በአንዴ መዘጋት ሥርዓቱን አናግቶት ድረ ገጹ ራሱ ለሰዓታት ተቋረጠ። ጎግል ላይ መልስ ፈልገው ሬዲትን የሚጫኑ ሰዎች የተቆለፈ ገጽ ጠበቃቸው። ለአንድ ቀን ነገሩ ድል ይመስል ነበር።

ስሕተቱ ግን ከጅምሩ በአዋጁ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አድማው ለ48 ሰዓት ነው ተባለ። የሚያበቃበት ሰዓት ቀድሞ የተነገረው ሰው የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ሃፍማንም ይህን አላጣውም። አድማው በተጀመረ በነጋታው ለጋዜጠኞች ሾልኮ በወጣ የውስጥ ማስታወሻ፣ እንደ ሌሎቹ የሬዲት ግርግሮች ሁሉ ይህም ያልፋል፣ በገቢያችን ላይም ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላየንም ሲል ሠራተኞቹን አጽናና። የኩባንያውን ስም የያዘ ልብስ ለብሳችሁ አደባባይ ስትወጡ ተጠንቀቁ የሚል ምክርም ጨመረበት።

ከሁለቱ ቀናት በኋላ ብዙዎቹ ሲከፍቱ ጥቂት ሺዎች ዘግተው ቆዩ። ያኔ የኩባንያው ቋንቋ ተለወጠ። ለአወያዮቹ መልእክት ደረሳቸው፤ መድረኩን መክፈት የሚፈልግ ካለ ይምጣ፣ ፈቃደኛ ካልሆናችሁ ሌላ እንተካለን የሚል መንፈስ ያለው ነበር። ሃፍማን ለኤንቢሲ በሰጠው ቃለ መጠይቅ አወያዮቹን በዘር ሐረግ ርስት ከያዙ ባላባቶች ጋር አመሳሰላቸው፤ ቀድሞ የደረሰ ወንበሩን ይዞ ይቀራል፣ ይህ ዴሞክራሲ አይደለም፣ ሕዝቡ ሊያወርዳቸው መቻል አለበት አለ። ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ከተጠቃሚ ጋር ሳይመክሩ መድረክ የዘጉ፣ ዓመታት በአንድ ወንበር የተቀመጡ ትዕቢተኛ አወያዮች ነበሩ። ግን ርስት ከተባለ ማን እንደሚነቀል ማየት ነው። ባላባት በደብዳቤ ከመሬቱ አይነሳም። በደብዳቤ የሚነሳው፣ ያለማውን ማሳ ለሌላ የሚያስረክበው ጭሰኛ ነው። የአወያዮቹ ቦታም ይህ ነበር።

አንዳንዶች ብልሃት አልጠፋባቸውም። የጆን ኦሊቨሩ ቀልድ አንዱ ነው፤ መድረኩ ክፍት ነው፣ ደንብ አልተጣሰም፣ አባላቱም ድምፅ ሰጥተዋል፤ ሃፍማን ዴሞክራሲ ብሎ አልነበር? ሌሎች ደግሞ ይበልጥ ገንዘቡ ዘንድ ተጠጉ። መድረካቸውን «ለአዋቂዎች ብቻ» ብለው መደቡት፤ በእንዲህ ዓይነት ገጽ ላይ ሬዲት ማስታወቂያ አያሳይም። በአድማው ሁሉ ኩባንያውን በቀጥታ ኪሱ ላይ የነካው ይህ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምላሹም የዚያኑ ያህል ፈጠነ። የአንዳንዶቹ መድረኮች አወያዮች በሙሉ በአንድ ቀን ተነሡ።

ዓይነ ስውራን ግን አንድ ነገር አሸንፈዋል። በሬዲት ላይ የሚወያዩበት መድረክ አላቸው፤ አወያዮቹም ዓይነ ስውራን ናቸው። የሬዲት የራሱ አፕ ጽሑፍን በድምፅ ከሚያነብላቸው ፕሮግራም ጋር በወጉ ስለማይግባባ የውጭ አፖች ከተዘጉ መወያየትም ማወያየትም ሊቸግራቸው ነበር። ይህንን አንድ በአንድ፣ የትኛው ቁልፍ እንደማይነበብ፣ የትኛው ገጽ እንደማይከፈት ቆጥረው ጻፉ። ኩባንያው ለአካል ጉዳተኞች የተሠሩና ትርፍ የማይፈልጉ አፖች ከክፍያው ነጻ እንዲሆኑ ፈቀደ። ሬድሪደር፣ ዲስቶፒያና ሉና የተባሉት በዚህ ተረፉ። አፖሎ ግን በጁን መጨረሻ ተዘጋ፤ ሌሎች ታዋቂ አፖችም አብረውት ሄዱ። ትንሹ ቡድን ያገኘውን ትልቁ አላገኘም። የዓይነ ስውራኑ ጥያቄ ጠባብና በማስረጃ የታጠረ ነበር፤ እምቢ ማለት ለኩባንያው ነውር ይሆንበት ነበር። የቀሩት ጥያቄ ግን «አድምጡን» የሚል ነበር፤ ለዚያ ደግሞ አድምጠናል ብሎ መመለስ ይበቃል።

«አድምጡን» የሚለው አቤቱታ የት እንደሚያደርስ ያሳየው ፌስቡክ ነው። በ2009 መጀመሪያ ኩባንያው የአጠቃቀም ውሉን ሲቀይር ተጠቃሚው ተቆጣ፤ ማርክ ዙከርበርግም ለወደፊቱ በትልልቅ ለውጦች ላይ ተጠቃሚው ድምፅ ይሰጣል ብሎ ቃል ገባ። ውሳኔው ኩባንያውን የሚያስገድደው ግን ከንቁ ተጠቃሚዎች 30 ከመቶው ከተሳተፈ ነው የሚል አንቀጽ ተጨመረበት። በዲሴምበር 2012 ኩባንያው ይህንኑ የድምፅ መብት ለመሻር ድምፅ አሰጠ። ከ660 ሺህ በላይ ሰው መረጠ፤ 88 ከመቶው መብቱ ይቆይ አለ። አስገዳጅ ለመሆን ግን 300 ሚሊዮን ገደማ መራጭ ያስፈልግ ነበር። መብቱ ተሻረ፤ ሁሉም በደንቡ መሠረት ነው የተደረገው።

ሬዲት ራሱም ከዚያ በፊት አድማ አይቷል። በጁላይ 2015 ታዋቂ ሰዎችን ከተጠቃሚ ጋር የምታገናኘው፣ አወያዮች እጅግ የሚተማመኑባት ሠራተኛ ቪክቶሪያ ቴይለር በድንገት ስትሰናበት፣ ትልልቅ መድረኮች በአንድ ሌሊት ተዘጉ። የኩባንያው መሪ ኤለን ፓኦ ይቅርታ ጠየቀች፤ በሳምንቱ ሥልጣኗን ለቀቀች። ከቁጣው ጋር የተቀላቀለው ዘረኛና ሴት ጠል ስድብ ለአድማው አሳፋሪ ገጽታው ነው። ያም ሆኖ ሕዝቡ አሸነፍኩ አለ። በእሷ ቦታ የመጣው ማን ነው? ከዓመታት በፊት ከኩባንያው የወጣው መሥራች ስቲቭ ሃፍማን። የ2015 አድመኞች ሰው አስቀየሩ እንጂ ሕግ አላስቀየሩም፤ ስምንት ዓመት ቆይቶ የሆነው ከዚህ የመጣ ነው።

በሌላ አቅጣጫ የተሳካላቸው አሉ። ዊኪትራቭል የተባለው፣ ተጓዦች በነጻ የሚጽፉት የጉዞ መመሪያ፣ በ2006 ለአንድ የንግድ ድርጅት ተሸጠ። ማስታወቂያው እየበዛ፣ የቴክኒክ ድጋፉ እየሳሳ ሲሄድ ጸሐፊዎቹ ቅር ተሰኙ። በ2012 አብዛኞቹ ተነሥተው ዊኪፒዲያን ወደሚያስተዳድረው ፋውንዴሽን ሄዱ፤ በጃንዋሪ 2013 ዊኪቮያጅ በይፋ ተከፈተ። ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። የጻፉት ሁሉ ማንም ሊቀዳው በሚችል ክፍት ፈቃድ የወጣ ስለነበር ጽሑፉን በሙሉ ይዘው ወጡ። ባለቤቱ ድርጅት ሁለት በጎ ፈቃደኞችን ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፣ ዊኪቮያጅም ዛሬ ድረስ ይሠራል። ልዩነቱ በድፍረት ወይም በቁጣ መጠን አልነበረም። ሥራቸውን ተሸክመው የሚወጡበት የሕግ በር ገና ከመጀመሪያው ተከፍቶ ነበር።

የሬዲት አወያዮች ይህ የላቸውም። ሌሚን ወደመሳሰሉ ክፍት መድረኮች የተሰደዱ ነበሩ፤ ሰው ይዘው ሄዱ እንጂ የዓመታት ጥያቄና መልሱን መውሰድ አልቻሉም። ያ ማህደር ደግሞ ዋናው ሀብት ነው።

የጉልበቱም ነገር አለ። በ2022 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት የሬዲት አወያዮች በቀን ቢያንስ 466 ሰዓት እንደሚሠሩ፣ ይህም በዓመት 3.4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ገምቶ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ዝቅተኛው ግምት ነው ብለውታል። በ1990ዎቹ ኤኦኤል የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ የውይይት ክፍሎቹን በእንዲህ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያስጠብቅ ነበር። በ1999 ሠራተኞች ነን፣ ደመወዝ ይገባናል ብለው ከሰሱት፤ ኩባንያው ከብዙ ዓመት ሙግት በኋላ በ15 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ወደ እኛም ቅርብ ምሳሌ አለ። ከሬዲት አድማ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1 ቀን 2023፣ ከ150 በላይ ይዘት አጣሪዎች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ። የፌስቡክን፣ የቲክቶክንና የቻትጂፒቲን ቆሻሻ ሲያጣሩ የኖሩ ናቸው። ከዚያች ከተማ የፌስቡክ የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች ይጣሩ ነበር፤ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዓመታት ሌላው ሰው እንዳያይ ሲባል የመጀመሪያ ተመልካች የሆኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ደመወዛቸው ትንሽ ነበር። ነገር ግን ደመወዝ፣ ውልና አሠሪ ስላላቸው ፍርድ ቤት መቆም፣ በማኅበር መደራጀት ችለዋል። ለፍቅር የሚሠራው አወያይ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ሲከፋው ከመሄድ ወይም ከመቆጣት በቀር ሕግ የሚያውቀው መሣሪያ የለውም። የበጎ ፈቃደኛው ኩራት የሆነው «ምንም አልፈልግም» በአድማ ቀን ትልቁ ድክመቱ ሆነ።

ከሬዲት አድማ በኋላ የመጣው ፈጣን ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ሬዲት ይዘቱን ጎግል ለማሽን ማስተማሪያ እንዲጠቀምበት በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስገኝ ስምምነት ማድረጉ ተዘገበ። ኩባንያው ለአክሲዮን ገበያ ባቀረበው ሰነድ ከመረጃ ሽያጭ ውሎች በድምሩ 203 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠብቅ ጻፈ፤ የሃፍማን የ2023 ክፍያም አብዛኛው በአክሲዮን መልክ ሆኖ 193 ሚሊዮን ዶላር መድረሱ ታወቀ። ማርች 21 አክሲዮኑ በ34 ዶላር ወጥቶ ቀኑን በ50 ዶላር ከ44 ሳንቲም ዘጋ። ለሽያጭ ከቀረበው አክሲዮን 8 ከመቶው ለተጠቃሚዎች፣ ለአወያዮችና ለሌሎች ተለይቶ ነበር፤ በመነሻው ዋጋ ከፍለው እንዲገዙ።

በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ አንድ የደንብ ለውጥ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍት የሆነን መድረክ የግል ማድረግ፣ ወይም «ለአዋቂዎች ብቻ» ብሎ መመደብ የሚፈልግ አወያይ በራሱ ማድረግ አይችልም። ማመልከቻ ሞልቶ ለሬዲት ሠራተኞች ይልካል፤ ሠራተኞቹም መርምረው ይፈቅዳሉ ወይም ይከለክላሉ። ኩባንያው አወያዮች ቅሬታቸውን እንዳይናገሩ አልከለከለም፤ መለጠፍ፣ መፈራረም፣ መውቀስ አሁንም ይቻላል። ዓለም ሁሉ የሰማው አድማ የተካሄደባቸው ሁለቱ ቁልፎች ብቻ ናቸው ከሰሌዳው የተነሡት።